ጠገራ ብር እንዴት ዋንጫ ይሆናል? የድሮ የብር መጠጫ አሠራርና መለያው

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ገበያ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ከ50 ዶላር አለፈ። ዋጋው እንዲህ ሲዘል የቆየ ሣጥን ይከፈታል። አፉ በብር የተለበጠ የአያት ዋንጫ፣ ለክብር እንግዳ ብቻ ትወጣ የነበረች የብር ኩባያ፣ እጀታዋ የወለቀ ጽዋ በፌስታል ተጠቅልለው ወርቅ ቤት ይደርሳሉ። ወርቅ ቤት የሚያውቀው ሚዛን ነው። እዚህ የምናብራራው፣ በተለይ የጎጃሙን ዕቃ ይዘን፣ ከሚዛኑ በፊት ያለውን ነው፤ ዕቃው ከምን ተሠራ፣ እንዴት ተሠራ፣ ከላዩ ላይስ ምን ይነበባል? አሠራሩን ያወቀ ሰው ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ ሲያየው ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ድሮ ዋንጫ ሲባል ምን ነበር?

ዛሬ ዋንጫ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ኳስ ነው። ቃሉ ግን የቀንድ ነው። የበሬ ወይም የጎሽ ቀንድ ተቆርጦ፣ ውስጡ ተፍቆ፣ ታቹ ተደፍኖ የሚወጣው መጠጫ ነው ዋንጫ። ጎጃም ውስጥ ጠላው በቅል፣ በአንኮላና በዋንጫ ይዞር ነበር። የብርሌ ጊዜ የመጣው መስታወት ከውጭ መግባት ሲበዛ ነው። (የኳሱም ዋንጫ ቢሆን ከመጠጥ አልራቀም፤ በአውሮፓ ለአሸናፊ ይሰጥ የነበረው ባለ ሁለት እጀታ የብር መጠጫ ነው።)

ከሣጥን የሚወጡት ዕቃዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ቀንድ ሆኖ አፉና እግሩ ብቻ ብር የለበሰ ዋንጫ ነው። ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች ብር የሆነ ኩባያ ወይም ጽዋ ነው። ሦስተኛው ብር የሚመስል ግን ብር ያልሆነ ነው፤ ይህኛው ከሁለቱ ይበዛል። የቤተ ክርስቲያን ጽዋ የራሱ ሥርዓት ስላለው እዚህ አንገባበትም።

ብሩ ከየት መጣ?

ብዙው ብር ጎጃም የገባው በሳንቲም መልክ ነው። ሳንቲሙም ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ሳንቲሙ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሞተች በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ መመታቱ ቀጠለ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሣ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ወደ ሮም ወሰደ። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም መቱት። ስለዚህ የጽዋ ታች ላይ የተበየደ ጠገራ «1780» ቢልም የጽዋውን ዕድሜ አይነግረንም። በአንጻሩ የአፄ ምኒልክ ምስል ያለበትና 1887 ዓ.ም. የሚለው ብር የተበየደበት ጽዋ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም። ሳንቲም የሚመሰክረው «ከዚህ ወዲህ» ብሎ ነው፤ «በዚህ ዓመት» አይልም።

ሰውም ጠገራን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። የንግሥቲቱ የዘውድ ፈርጥና የትከሻ ጌጧ ፍሬዎች ጎልተው ካልታዩ «ያለቀ ነው» ብሎ ይመልሳል። ለአንጥረኛው ግን መልኳ ጠፋ አልጠፋ ግድ አልነበረውም፤ እሱ የሚያየው ክብደቱንና ቅይጡን ነው። የአባይ ማዶ ወርቅና ቡና ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጨው ጋር በሚገናኝበት በባሶ ገበያ ጠገራ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑም መንቆረር፣ የዛሬው ደብረ ማርቆስ፣ ግብርና ሽልማት የሚጎርፍበት ከተማ ሆነ። ግብር በሚበላበት ቤት ጌጠኛ መጠጫ ይፈለጋል፤ ጌጠኛ መጠጫ ሲፈለግ ደግሞ አንጥረኛ ይፈለጋል።

የጠገራ ልክ ይታወቃል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው፤ በአንድ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። የምኒልኩ ብርም በዚሁ ልክ ገደማ የተሠራ ነው። መዳብ መግባቱ ማጭበርበር አይደለም። ንጹሕ ብር ለስላሳ ነው፤ ከንጹሕ ብር የተሠራ ኩባያ በቀላሉ ይጎደጉዳል። ጥንካሬውን የሚሰጠው መዳቡ ነው። ችግርም የሚያመጣው ይኸው መዳብ ነው፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ማን ይሠራው ነበር?

አንጥረኛ የሚለው ስም ከማንጠር የመጣ ነው፤ ንጥር ቅቤ ከሚለው ቃል ጋር ወንድማማች ናቸው። ሰዉ ግን ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ደርቦ «ጠይብ» ይለው ነበር። ቃሉ በመሠረቱ የእጅ ባለሙያን የሚገልጽ ነው፤ በአፍ ሲዞር ስድብ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ስድቡ አንድ ቅሪት ጥሏል፤ ዕቃ ላይ ስሙን የጻፈ የጎጃም አንጥረኛ ማግኘት ብርቅ ነው። ፊርማውን የምንፈልገው ከመዶሻው ምት ላይ ነው።

ለአንድ ኩባያ ስንት ጠገራ ይበቃል?

የድሮው ውል ቀላል ነበር። ባለቤቱ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል፤ የእጁን ዋጋ ለብቻው ይከፍላል። ጭቅጭቅ የሚነሣውም እዚሁ ላይ ነው፦ «ሰባት ብር ሰጥቼ የስድስት ብር ዕቃ መለሰልኝ»። እስቲ እናስላው።

አፏ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ቁመቷ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነች ኩባያ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ትይዛለች። የባለሙያው ልክ አወጣጥ ስፋትና ቁመትን መደመር ነው፤ 7 እና 8፣ 15። ስለዚህ የሚነሣው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ክብ ጠፍጣፋ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጠፍጣፋው 180 ግራም ይመዝናል፤ ይህ 6.4 ጠገራ ነው። በሞረድ የሚፋቀው፣ በማቅለጫው ሸክላ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውና ዳር ዳሩን የሚቆረጠው ሲታሰብ ሰባት ጠገራ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፍቅፋቂው ግን አይጣልም። ብልህ አንጥረኛ ከሥራ ቦታው በታች ቆዳ ያነጥፋል፤ ከቆዳው ላይ የተጠረገው አቧራ ተጠራቅሞ ይቀልጣል። ጠያቂ ባለቤት «ፍቅፋቂዬስ?» ሲል ጥያቄው ትክክል ነው።

ከጠፍጣፋ ብር ጎድጓዳ ዕቃ እንዴት ይወጣል?

ብዙ ሰው የብር ኩባያ እንደ መስቀል በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ይመስለዋል። መስቀል በሰም ይወጣል፤ ሰሙ ይቀረጻል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ብረቱ ቦታውን ይወስዳል። «ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ስም የተወለደው ከዚሁ ሥራ ነው፤ የጎጃሙ የዋሸራ ቅኔ ቤት ተማሪ የአንጥረኛን ቋንቋ ነው የሚናገረው። ኩባያን በዚህ መንገድ ማፍሰስ ግን አይመችም። በሁሉም ጎን አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ግድግዳ ለመሙላት ብሩ ገና ሳይደርስ ይረጋል። ለዚህ ነው ኩባያ የሚቀጠቀጠው። በሰም የሚወጣው እጀታው ወይም ከክዳኑ አናት ላይ ያለው ጉብጉብ ጌጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ማቅለጥ ነው። ጠገራዎቹ በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ገብተው በከሰል ይከበባሉ፤ ወናፉ ይነፋል። የጠገራ ቅይጥ 779 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል፤ 840 ገደማ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ቆሻሻውን ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ከላይ ይተኛል። የደቀቀ ከሰልም ፊቱን ያለብሱታል። ምክንያቱ የሚገርም ነው። የቀለጠ ብር አየር ይጠጣል፤ ሲረጋ ደግሞ የጠጣውን ይተፋዋል። ሲተፋው ፊቱ እንደ ፈላ ገንፎ ይፈነዳዳል፣ ውስጡም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ያ ቀዳዳ በኋላ ሲቀጠቀጥ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። ሌላው ጥፋት ቀዝቃዛ ቅርጽ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ብሩ በሁለት በኩል ፈስሶ ሳይዋሐድ ይረጋል፣ መጋጠሚያው ላይም የማይታይ ስንጥቅ ይቀራል። ስለዚህ ማፍሰሻው ይሞቃል፣ ቅባትም ይነካዋል።

ቀጥሎ የረጋው ቂጣ መሰል ብር መስፍ (መቀጥቀጫ ብረት) ላይ ተቀምጦ ከመሃል ወደ ዳር በመዶሻ ይጠፈጠፋል። ጥቂት ከተመታ በኋላ ብሩ ይደርቃል። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት መጀመሪያ ይጠነክርና ከዚያ ይሰበራል፤ የብሩም ነገር ይኸው ነው። መድኃኒቱ ማለዘብ ነው፤ እሳት ውስጥ ገብቶ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ይሞቃል፣ 600 እስከ 650 ዲግሪ፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ይነከራል። የቢላ ብረት ግሎ እንዲህ ቢነከር ይጠነክር ነበር፤ ብር ግን ይለሰልሳል። የአንጥረኛ ምድጃ ጥላ ውስጥ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ያ ደብዛዛ ቀይ ፀሐይ ላይ አይታይም፤ በፀሐይ ቀይ ሆኖ የታየ ብር መቅለጫው ደርሷል።

ጠፍጣፋው 1 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ክብ ሆኖ ይቆረጥና ወደ ማጎድጎዱ ይኬዳል። የተቦረቦረ ግንድ ላይ ይቀመጥና መሃሉ በድቡልቡል መዶሻ ይመታል፤ ጥልቀት የሌለው ሳህን ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሥራው ይገለበጣል። ሳህኑ ጫፉ ክብ በሆነ የብረት ዘንግ ላይ ይደፋና ከውጭ በኩል ይመታል፤ ከታች ጀምሮ ዙሪያውን በክብ መስመር እየዞረ እስከ አፉ። የጆንያ አፍ ሲሰበሰብ እንደሚታጠፈው ብሩም እየተሰበሰበ ይነሣል። አንድ ዙር ሲያልቅ ይለዝባል፣ እንደገና ይመታል። 8 ሳንቲ ሜትር ለማንሣት አስር ዙር ገደማ ይፈጃል። ከሁሉ የሚከፋው ጥፋት እጥፋት ነው። ዳሩ ሲሰበሰብ ሸብ ብሎ ከታጠፈና ባለሙያው ያንን እጥፋት በመዶሻ ከደፈጠጠው፣ ስንጥቅ እንጂ ለስላሳ ግድግዳ አይሆንም። እጥፋት በጥፍር ልክ እያለ ነው መፍታት ያለበት።

በየዙሩ መጨረሻ የአፉ ጠርዝ ወደ ታች በስሱ ይመታል፤ ጠርዙ ይወፍራል። አፉ ወፍራም፣ ሆዱ ስስ የሆነ ኩባያ የጥሩ እጅ ምልክት ነው። ከንፈር የሚያርፈው፣ መሬት ሲወድቅም ቀድሞ የሚመታው አፉ ነውና።

በመጨረሻ ፊቱ በሚያበራ ለስላሳ መዶሻ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይመታል። ኩባያውን መስኮት ፊት ይዘው ዘንበል ቢያደርጉት ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያክሉ ጠፍጣፋ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ውስጡን ሲያዩትም መስመሮቹ ክብ እየሠሩ ይወጣሉ። ይህ ከታየ ዕቃው በእጅ የተነሣ ነው። በማሽን የተጫነ ዕቃ ውስጡ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው፤ በቁመቱ አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ካለው ደግሞ ከጠፍጣፋ ተጠቅልሎ የተበየደ ነው።

ብየዳው ለምን ያስፈራል?

እግሩና እጀታው በብየዳ ይያያዛሉ። የድሮው ብየዳ ሁለት እጅ ብር ከአንድ እጅ ናስ ጋር ቀልጦ፣ ተጠፍጥፎ፣ እንደ ጤፍ ተቆርጦ የሚሠራ ነው። በናሱ ውስጥ ያለው ዚንክ የመቅለጫውን ሙቀት ያወርደዋል። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ጠገራ 779 ላይ መላላት እንደሚጀምር አይተናል፤ ብየዳው የሚፈስሰው ከዚያ ጥቂት አስር ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው። ወናፉን ትንሽ ያበዛ ረዳት የአንድ ሳምንት ሥራ ያቀልጣል። ብየዳው ብልጭ ብሎ እንደ ውኃ ሲሮጥ በዚያች ቅጽበት እሳቱ መነሣት አለበት። ከአሮጌ ኩባያ እግር አጠገብ ቆዳው የተሸበሸበ ቦታ ካለ፣ እሳት ያለፈበት ነው።

ከእሳት የወጣ ብር ጥቁር ነው፤ መዳቡ ተቃጥሎ ፊቱ ላይ ይወጣል። ይህን ለማንጻት እንደ ሎሚ ባለ ኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ ይፈላል። በተደጋጋሚ ሲሞቅና ሲጸዳ የፊቱ መዳብ ተበልቶ ያልቅና ከላይ ስስ የንጹሕ ብር ሽፋን ይቀራል። ስለዚህ መዳብ የበዛበት ዕቃም ሲታይ ነጭ ሊሆን ይችላል። ለፈተና ሲባል ፊቱን ብቻ ማሸት የሚያታልለው ለዚህ ነው።

ጌጡ የሚወጣው ኩባያው ውስጥ ዝፍት ተሞልቶበት ነው። ባዶውን ቢመቱት ይጎደጉዳል፤ ዝፍቱ ከውስጥ እንደ ትራስ ይደግፈዋል። ሲጨረስ ሞቅ ተደርጎ ዝፍቱ ይፈሳል። አንዳንድ ጊዜ በእግሩ ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ዝፍት ተጣብቆ ይገኛል፤ ቆሻሻ አይደለም፣ አይፋቅ።

ብሩ ከቀንዱ ጋር እንዴት ይያያዛል?

ቀንድ ልክ እንደ ጥፍር ነው። አዲስ ቀንድ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ውስጡ ያለው አጥንት ሲላቀቅ ይመታና ይወጣል። የተቆረጠው ቀንድ ፈልቶ ሲለሰልስ የእንጨት ቅርጽ ይገባበትና ሞላላው አፉ ክብ እስኪሆን እዚያው ይቀዘቅዛል። ታቹ በእንጨት ወይም በቀንድ ክብ ይደፈናል፤ ሰፈፍ መሃሉን ይዘጋዋል።

ብሩን ቀንዱ ላይ እያለ መበየድ አይቻልም፤ ብየዳ ከ700 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ቀንድ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይጨሳል። ስለዚህ የአፉ ቀለበት ለብቻው ተበይዶ ያልቃል፤ ከዚያ ዋንጫው አፍ ላይ ይገባና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ የታችኛው ዳር በጥርስ ጥርስ ተቆርጦ ቀንዱን ይነክሳል ወይም በትናንሽ የብር ምስማር ይያዛል። ቀንድ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል፤ ብር ግን ባለበት ነው። የዋንጫ ቀለበት በየካቲት ልል ብሎ በሐምሌ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ልል አለ ብሎ በሙጫ የሞላው ሰው ክረምት ሲገባ ቀንዱ ይሰነጠቅበታል።

እውነተኛ ብር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ማግኔት ብዙ አይረዳም። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ናስ፣ መዳብና ነጩ የኒኬል ቅይጥም አይሳቡም። ማግኔት የሚያጋልጠው በዋናነት ብረትን ነው።

የሚሻለው የውኃ ፈተና ነው። ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ እስከ አፉ ሳይሞላ ውኃ ይደረግና በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ኩባያው በክር ታስሮ፣ አየር እንዳይቀርበት ዘንበል ተደርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ታቹን መንካት የለበትም። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ኩባያው የገፋው ውኃ ነው። የኩባያው ደረቅ ክብደት ለዚህ ቁጥር ይካፈላል። 180 ግራም የሆነ የጠገራ ብር ኩባያ 17.6 ግራም ውኃ ይገፋል፤ ሲካፈል 10.2 ይመጣል። ንጹሕ ብር 10.5 ነው። ኒኬል ያለበት ነጭ ቅይጥ 8.7 ገደማ፣ ናስ 8.5 አካባቢ ይሰጣል። በ1 ግራም የሚቆጥር ሚዛን ለ180 ግራም ዕቃ ይበቃል፤ ለቀለበት አይበቃም። ቀንድ፣ ባዶ እጀታ ወይም በዝፍት የተሞላ እግር ያለው ዕቃ በዚህ መንገድ አይፈተንም፤ ቁጥሩ ይዋሻል።

መፈተኛ ድንጋይና አሲድ የወርቅ ቤት ሥራ ነው። አሲዱ እጅ ይበላል፤ ቤት ውስጥ አይሞከር። ወርቅ ቤትም ሲፈትን ከማይታይ ቦታ ትንሽ ጭሮ እንዲሞክር ይጠየቅ፤ ፊቱ እንዴት እንደሚያታልል አይተናል።

ማኅተም ካለስ? በጎጃም የተሠራ የድሮ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ማኅተም የለውም። በስጦታ ከውጭ የመጣ ግን አለው። በተለይ አንድ ስሕተት ይደጋገማል፤ እግሩን አንሥቶ የሚራመድ ትንሽ አንበሳ ሲታይ «የንጉሡ ዕቃ ነው» ይባላል። የይሁዳ አንበሳ ዘውድ ጭኖ መስቀል ያለበት በትር ይይዛል። ያለ ዘውድና ያለ በትር የሚራመደው አንበሳ የእንግሊዝ የብር መፈተኛ ቤቶች ማኅተም ሲሆን ከ1000 እጅ 925ቱ ብር መሆኑን ያረጋግጣል።

ለምን ይጠቁራል? ጠጅ ቢያድርበትስ?

ብር የሚጠቁረው በዝገት አይደለም፤ አየር ላይ ካለ የድኝ ጭስ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። እንቁላል፣ ሽንኩርትና የሱፍ ጨርቅ ያፈጥኑታል። ጥቁሩ ለጤና አይከፋም። የሚከፋው አረንጓዴው ነው። ጠጅ ኮምጣጣ ነው፤ ብሩን ባይነካም በቅይጡ ውስጥ ያለውን መዳብ ይበላዋል፣ ከኩባያው ታችም አረንጓዴ ዝቃጭ ይቀራል። መጠጡ ያደረበት ኩባያ ሳይታጠብ አይጠጣበትም። ትኩስ ነገርም ለብር ኩባያ አይሆንም፤ ከብረታ ብረት ሁሉ ሙቀት በማስተላለፍ ብር አንደኛ ነው፣ ቡና ቢቀዳበት ከንፈርን ይለበልባል። ቀንዱ ግን ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም ያቆያል።

በአመድና በሎሚ መፈተግ ያነጣል፤ ግን በየዓመቱ ጌጡን ትንሽ ትንሽ ይበላል። ሙሉ ብር ለሆነ ዕቃ የሚሻለው ሳፋ ውስጥ የአሉሚኒየም ወረቀት አንጥፎ፣ ሙቅ ውኃ፣ ቤኪንግ ሶዳና ጨው ጨምሮ ዕቃው ወረቀቱን እንዲነካ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ጥቁሩ ሳይፋቅ ይለቃል። ቀንድ ያለበት ዋንጫ ግን አይዘፈዘፍም፤ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል።

ጥገና ላይ አንድ ነገር ይከልከል፦ ስታኞ። በቀላሉ ይቀልጣል፣ ርካሽ ነው፣ በየሰፈሩ አለ። ነገር ግን ብዙ ስታኞ እርሳስ አለበት፤ ኮምጣጣው ጠጅ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ጠጪው ይልከዋል። ሁለተኛም ስታኞ የነካው ብር በኋላ ለእውነተኛ ብየዳ ሲሞቅ እርሳሱ ብሩ ውስጥ ሰርጎ ቀዳዳ ያወጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከመሞቁ በፊት ግራጫው ስታኞ እስከ መጨረሻው ተፍቆ መውጣት አለበት።

ማቅለጥ ያዋጣል?

የ180 ግራሟ ኩባያ 150 ግራም ንጹሕ ብር አላት። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነውና 4.8 አውንስ ይሆናል፤ አውንሱ በ50 ዶላር ቢሰላ 240 ዶላር ገደማ ነው። ወርቅ ቤቱ ለማንጠሪያና ለትርፉ ይቀንሳል።

አፉ በብር የተለበጠው ዋንጫ ሌላ ነው። ዙሪያው 25 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት 20 ግራም ይመዝናል። አንድ ጠገራ እንኳ አይሞላም። ለዚያች 20 ግራም ሲባል ጥርሶቹ ተፈልቅቀው ቀለበቱ ሲወጣ ቀንዱ ብዙውን ጊዜ ከአፉ ይሰነጠቃል፤ ወርቅ ቤት ደግሞ ቀንድ አይገዛም። መሸጥ ግድ ከሆነ ዋንጫውን ሳይነጥሉ እንዳለ ለዕቃ ሰብሳቢ ማሳየት ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ክብደቱ፣ የአፉ ስፋት፣ ቁመቱና ታቹ ላይ ያለው ሳንቲም ይመዝገብ፤ ከውስጥ፣ ከውጭና ከታች በቀን ብርሃን ፎቶ ይነሣ፤ ከማን ለማን እንደወረደም ከአረጋዊው አፍ ሰምቶ እዚያው ወረቀት ላይ ማስፈር ነው።